አንድ እንቅልፍ ለሁለት ሰው

የካቲት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ያስጀመረችኝ ዶክተር ፍዮሪ ናት። «ባለቤትህ እንዴት እንዳደረች በየቀኑ ጻፍልኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ስትመጡ አየዋለሁ» አለችኝ። ሹፌር ነኝ። ኪሎ ሜትርና ነዳጅ ስመዘግብ ነው የኖርኩት፤ የሚስት እንቅልፍ ግን መዝግቤ አላውቅም። እጸገነት ሳቀች። «በሊትር ስንት እንደምሄድም ጻፍልኝ» አለች።

በሽታው ስም ያገኘው አምና ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ከዚያ በፊት ብርድ ነው፣ ድካም ነው፣ የሰው ዐይን ነው ሲባል ሁለት ዓመት ሄደ። የነርቩ ልባስ እየተላጠ ነው አለችኝ ዶክተሯ። ይህ ገባኝ። የተላጠ ሽቦ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፤ መቼ እንደሚያቆምም አይነግርህም።

ዛሬ ስለ እንቅልፍ ነገረችን። እጸገነት በደንብ ካልተኛች በማግስቱ እግሯ ይከብዳል፣ ዐይኗ ይደበዝዛል፣ ነገር ይጠፋባታል፣ ሆዷም ይብሳታል። ሙቀት ጠላቷ ነው። መስኮት ይከፈት፣ ልብስ አይደራረብባት፣ ቀን ውኃ በደንብ ትጠጣ። «ይህንን ከኪኒኑ አሳንሰህ እንዳታየው» አለችኝ፤ እኔን እያየች ነው የተናገረችው። እሺ አልኩ።

ትናንት ሌሊት ሁለቴ ተነሳች። አብሬ ተነሳሁ። ከካዛንቺስ ቡና ቤቶች ሙዚቃው እስኪበቃው ሁለታችንም ጣሪያ ስናይ ቆየን።

የካቲት 6

መስቀል አደባባይ መብራት ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። የባቡሩ ቁፋሮ መንገዱን አጥሮት ሰልፉ አይንቀሳቀስም ነበር፤ ሲንቀሳቀስ እኔ የለሁም። የማመላልሳቸው ሥራ አስኪያጅ አቶ ገብረሃና ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ቸሩ፣ አረንጓዴ ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

እጸገነት፦ እግሯ ሲኮማተር አደረ። አሸሁላት።

የካቲት 9

የመቀነቱን ነገር ልጻፍ። ሽንት ቤታችን የግቢው ጥግ ነው፤ አራት ቤት እንጋራዋለን። በሽታው ፊኛዋንም ስለነካው ሌሊት ሳትነሳ አታድርም፤ ብቻዋን ደግሞ አትችልም። ፖፖ ገዝቼላት ነበር፤ «ገና አርባ ሳይሞላኝ?» ብላ አልጋ ሥር ወረወረችው። መጣራትም ታፍራለች። ግድግዳችን እንኳን ጥሪ ማዛጋትም ያሳልፋል። ስለዚህ የመቀነቷን አንዱን ጫፍ እኔ እጅ ላይ፣ ሌላውን እሷ እጅ ላይ አስረን እንተኛለን። ስትፈልገኝ ሳብ ታደርገዋለች። የተጋባን ሰሞን ቢሆን ሰው ይቀናብን ነበር።

ትናንት ስትስበው አልሰማሁም። ሰምቼም ከሆነ በእንቅልፍ ልቤ ነው። ሁለተኛም ሳበች፤ ሦስተኛውን ለስለስ አድርጋ ነው የሳበችው። ከዚያ ከእጇ ፈታችው። ደጃፉ ላይ ስትወድቅ ነው የተነሳሁት።

ጎረቤታችን ሀምዲያ ቀድማኝ ደርሳ አንስታት ነበር። «የባልሽ እንቅልፍ ግን እንዴት ከባድ ነው በአላህ!» ስትላት ሰማሁ። እጸገነትም «ድሮም እንዲህ ነው፤ ቤት ቢፈርስበት አይሰማም» አለቻት።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ደጅ የቆመ መኪና መስታወት ሲነካ ብድግ የምል ሰው ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ የተኛች ሴት ይህን ታውቃለች። ጉልበቷ ተልጧል። ቀኑን ሙሉ አንድም ቃል አልተናገረችኝም ብል ውሸት ነው፤ እንደወትሮዋ እያሾፈች ዋለች።

የካቲት 12

ለአማቴ ደወልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? መሪ ላይ ተኝቼ ሰው ብገድልስ?

የካቲት 16

እማማ ጀማነሽ ለቅበላ ከደብረ ብርሃን ገቡ። በር ላይ እንደቆሙ መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ሳይሆን መስኮቱን ነው። «በዚህ ነፋስ ነው ልጄን የምታስተኛት?» ብለው ዘጉት። የጠርዙን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፉት። ያመጡትን አዲስ ጋቢ ከብርድ ልብሱ ላይ ደረቡት። «ነርቭ የሚመጣው በብርድ ነው። የኛም አገር ስንቱን አሽመድምዶታል» አሉ። ሀምዲያም «እውነትዎን ነው» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ማን ይፈርድባቸዋል? እዚህ ከተማ ታክሲ ውስጥ ሰው በላብ እየተጠመቀ እንኳን መስኮት የከፈተ ሰው እንደ ጠላት ነው የሚታየው።

እጸገነት አየችኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ። ገና የመንገዱን አቧራ ሳያራግፉ «ዶክተር እንዲህ ብላለች» ማለት ነውር ነው።

አልጋው ላይ ከልጃቸው ጋር እሳቸው ተኙ፤ እኔ መሬት ፍራሽ ዘረጋሁ። መቀነቱ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

የካቲት 18

አልነገርኳቸውም። ጾም የገቡ ሰሞን ነው። ደክሟቸዋል።

የካቲት 21

ማንኮራፋቴ ልጃቸውን እንደሚቀሰቅሳት እማማ ጀማነሽ አማረሩ። እውነት ሊሆን ይችላል። ዶክተሯ እንቅልፏ አይነካ ብላለች፤ ስለዚህ ትናንት ቡልጋሪያ ሰፈር ሄጄ ዮሃንስ ጋራዥ አደርኩ። ዮሃንስ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ከጋራዡ ጀርባ ድሮ ዘበኛው ያድርባት የነበረች ክፍል አለችው። ቤንዚንና ቅባት ትሸታለች። «ለሁለት ቀን ነው» አልኩት። ለእሷ ስል ነው እንጂ ቤቴን ጠልቼ አይደለም።

ተኛሁ። እንዴት ብዬ ልጻፈው? ጫማዬን አንዱን እንኳን ሳላወልቅ ነው የወሰደኝ። ስነቃ የጋራዡ ልጆች ጎማ ያንኳኳሉ፣ ፀሐይ ወጥቷል። መጀመሪያ ያየሁት የግራ እጄን ነው፤ ምንም አልታሰረበትም። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱን አልክድም፤ ቀጥሎ ግን እንደ ሌባ ዙሪያዬን አየሁ።

ደወልኩላት። «እንዴት አደርሽ?»

«ደህና» አለች።

የካቲት 22 ደህና።

የካቲት 23 ደህና።

የካቲት 25 ደህና። (24ን ሳልደውል ቀረሁ፤ አዳማ ሄጄ ነበር።)

የካቲት 30

እሑድ ስለሆነ ከጠዋቱ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እጸገነት ጋቢውና ብርድ ልብሱ ሥር ናት፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። እማማ ጀማነሽ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እንድትቀመጥ ደገፍኳት። እግሯ እንጨት ሆኗል። የመድኃኒቱን ማሸጊያ አንስታ ልታነብ ሞከረችና «ፊደሉ ይዋኛል» አለች። አንደኛ ክፍል ስታስተምር ሀ ሁን ለስንት ልጅ ያስያዘች ሴት ናት።

«ቸሩ፣ መስኮቱን ንገራት።»

«አንቺ ለምን አትነግሪያትም? እናትሽ አይደሉም?»

«ነገርኳትማ። ብዙ ጊዜ ነገርኳት። ‹አንቺ ታመሻል፤ የታመመ ሰው ነፋስ ያምረዋል። ባልሽ ነው የቤቱ አባወራ፤ እሱ ክፈቱ ካለኝ እከፍታለሁ› አለችኝ። አንድ ቃል ነው የምትጠብቀው።»

እነግራቸዋለሁ አልኳት። መስኮቱን ከፍቼ ትንሽ አናፈስኩላት። የእማማ ጀማነሽን ኮቴ ስሰማ መልሼ ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም፤ እጄ ነው የዘጋው።

እሳቸው ሲገቡ ደክሟቸው ነበር። ሌሊት እንደማይተኙ ነገሩኝ። «እኔ ለልጄ ነው። አያያዜ ካልጣማችሁ ግን ንገሩኝ፤ መናኸሪያው ቅርብ ነው» አሉ፤ እንደ ቀልድ።

መጋቢት 5

አቶ ገብረሃና፦ «ፊትህ ወዝቷል፤ ሚስትህ ተሻላት ማለት ነው?»

«አዎ ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በስልክ፦ ደህና።

መጋቢት 14

ዮሃንስ ሰው ፊት አላገጠብኝ። «ሁለት ቀን ብለኸኝ ወር ሊሞላህ ነው፤ ኪራይ ልጠይቅህ ወይስ ሚስት ልፈልግልህ?» ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ ሳላስበው መፍቻውን ወረወርኩት። ኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ማለቴ፣ ቀልድ ነበር እኮ። ምነካህ አንተ?» አለኝ።

ለምን እንደተቆጣሁ ሳስብ አመሸሁ። እኔ ሰው ማስቀየም የማልወድ ሰው ነኝ። አማቴ አረጋዊት ናቸው። አገራቸውን፣ ላማቸውን፣ የጾም ቅዳሴያቸውን ትተው የመጡ ናቸው። «አያያዝዎ ልክ አይደለም» ብላቸው ይሄዳሉ። ጠባያቸውን አውቃለሁ፤ የእህታቸውን ሠርግ እንኳን በአንድ ቃል ተቀይመው ጥለው የሄዱ ናቸው። እሳቸው ከሄዱ እጸገነትን ማን ያስታምማታል? ጉዳዩ ይህ ብቻ ነው። እኔ ስለራሴ አላሰብኩም። በዚያ ላይ መስኮት ነው፤ የመስኮት ነገር ሰው አይገድልም።

መልሼ ሳነበው ‹ማን ያስታምማታል› ብዬ ጽፌያለሁ፤ እኔ የሌለሁ ይመስል። በቃ ደክሞኛል ማለት ነው። ልተኛ።

መጋቢት 22

ግቢው በር ላይ ስደርስ እማማ ጀማነሽ ለሀምዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። «ጣሪያ ስታይ ነው የምታነጋው ልጄ። ቀን ቀን ዐይኗ ይከደናል፤ እኔ ግን እቀሰቅሳታለሁ። በሽተኛ ቀን ከተኛ በሽታው ይጫነዋል። ውኃ ጠጪ ብላት እንቢ ትለኛለች፤ ፖፖውን ከኔ እጅ ላለመቀበል ነው መሰለኝ። እናቷ አይደለሁም?» ሀምዲያም «አይዞዎት እማማ» አለቻቸው።

እያሳልኩ ገባሁ። እጸገነት ከንፈሯ ደርቋል። አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀዳሁላት፤ ያዘችው እንጂ አልጠጣችውም።

«ጋራዡ ይመችሃል?» አለችኝ።

«ምን ይመቻል፣ ጠባብ ናት።»

«ትተኛለህ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ጎሽ። ተኛ» አለች። አሾፈችብኝ ብዬ ፊቷን አየሁት። አላሾፈችም።

ዛሬ ምን ብዬ ልመዝግብ? ጠዋት በስልክ ደህና ብላኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ደህና ብዬ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ከካዛንቺስ ታክሲ ማቆሚያው እስከ ቤት ድረስ ቃሉን ስለማመድ ሄድኩ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዶክተሯ መስኮቱ ይከፈት ብላለች።» ይኸው ነው። ልጅ እንኳን ይለዋል።

እማማ ጀማነሽ ዘንባባ ጣታቸው ላይ ቀለበት አድርገው ተቀምጠዋል። ለእጸገነትም አስረውላታል። እሷ ትራስ ተደግፋ ታየኛለች፤ ቃሉን እንደያዝኩ ከፊቴ አውቃለች።

«እማማ፣ ይሄ መስኮት...» አልኩ።

«ምን ሆነ መስኮቱ?» አሉ ቀና ብለው። ዐይናቸው ቀልቷል፤ ሁለት ወር ያልተኛ ሰው ዐይን ነው። ያንን ዐይን እኔ አውቀዋለሁ፤ የኔ ነበር። ሳየው ነገ ማታ ማን እዚያ አልጋ ላይ እንደሚሆን አየሁ።

«መጋረጃው ሳስቷል። ወፈር ያለ ላምጣለት ወይ ልል ነው።»

«ተባረክ ልጄ! እኔም ስል ነበር» አሉ።

እጸገነት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስወጣ ደህና ሁን አላለችኝም። ተኝታ ይሆናል።

ሚያዝያ 6

መጋረጃ ገዛሁ። ቡናማ፣ ወፍራም። በምሳ ሰዓት ሄጄ ራሴ ሰቀልኩት። ያልኩትን ካላደረግሁ ምን ይሉኛል?

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ሀምዲያ ደወለች። ትኩሳት። ትዘባርቃለች። አቶ ገብረሃና መኪናውን ውሰድ አሉኝ። ሆስፒታል ነን። ስሸከማት እግሯ አልያዘኝም። ሁለቱም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ኮሪደር ላይ ነው የፈሰክነው። ሀምዲያ፣ ሙስሊሟ፣ ዶሮ ወጥ በሳህን ቋጥራ አመጣችልን። «ከክርስቲያን ጎረቤት ነው ያሠራሁት፤ ብሉ» አለች። እማማ ጀማነሽ እንቁላሉን ልጠው ወደኔ ገፉት። እኔ በላሁ። ራበኝና በላሁ።

እጸገነት እግሯን አላንቀሳቀሰችም።

ሚያዝያ 15

ዶክተር ፍዮሪ መጣች። የሽንት ኢንፌክሽን ነው፣ በዚያ ላይ በሽታው ራሱ አገርሽቷል። መርፌ ጀምራለች። እግሯ ይመለስ እንደሆን ጠየቅኳት፤ «እናያለን» አለች። ሐኪም «እናያለን» ሲል ምን ማለት እንደሆነ አንድ ዓመት ተምሬዋለሁ።

መዝገቡን ጠየቀችኝ። ይህን ደብተር አይደለም፤ በንጹህ ወረቀት ገልብጬላት ነበር። ከላይ እስከ ታች ደህና፣ ደህና፣ ደህና። አየችው፣ አጠፈችው። «ክፍሏ ቀዝቃዛ ነበር? መስኮት ይከፈት ነበር?» አለች።

እኔ ሳልመልስ እማማ ጀማነሽ «እንዴት ይከፈታል? ይብረዳት?» አሉ። ዶክተሯ ቀስ ብላ፣ እንደ ልጅ ሆና አስረዳቻቸው። «እርስዎ አላጠፉም፤ በሽታው ያለምንም ምክንያትም ያገረሻል። ሙቀቱ፣ የውኃው ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ግን ጉልበቷን ጨርሶታል» አለቻቸው። እሳቸው ግን ከዚህ ሁሉ የሰሙት መጨረሻውን ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ዶክተሯ ስትወጣ ወደኔ ዞሩ። «እሷስ ነግራኝ ነበር፤ ባልሽ ይንገረኝ አልኳት። አንተ ይህን ታውቅ ነበር ልጄ?»

አፌን ከፈትኩ።

«አያውቅም» አለች እጸገነት ከአልጋው። «ሐኪሟ የነገረችው ለኔ ነው። እሱ ውጭ መኪና ሲያቆም ነበር።»

እማማ ጀማነሽ ደረታቸውን መቱ። «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ ቀቅዬ!» እያሉ አለቀሱ። እኔ ትከሻቸውን ይዤ «አይዞዎት» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኳቸው። እጸገነት ዐይኗን ጨፍና ነበር።

ሚያዝያ 20

እማማ ጀማነሽ ሄዱ። ይቆዩ ብዬ ለመንኳቸው፤ «ከዚህ በላይ አልጎዳትም» አሉ። መናኸሪያ አደረስኳቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው መስኮት ሲዘጋ አዩና አንገታቸውን ደፉ። እዚያው መናገር እችል ነበር። አውቶቡሱ እስኪሞላ ብዙ ቆሟል።

ሚያዝያ 24

ቤት ገባን። የዮሃንስን ቁልፍ መለስኩ። መጋረጃውን አውርጄ ለሀምዲያ ሰጠኋት፤ «ምነው፣ አዲስ አይደል?» አለችኝ። ጨርቁን ከጠርዙ ነቀልኩት። መስኮቱ አሁን ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። የቡና ቤቱ ሙዚቃ፣ የመንገዱ አቧራ፣ ንጋት ላይ ነፋስ ይገባል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ልክ እንደታዘዘው።

ሽንቷ በቱቦ ከረጢት ውስጥ ይገባል። አትነሳም።

ግንቦት 3

ነገርኳት። ማለቴ፣ ልነግራት ጀመርኩ። «እጸገነት፣ ያን ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ...» አልኩ።

«ተወው» አለች።

«ለእናትሽ ልደውልና ልንገራቸው?»

«ምን ብለህ? አሁን ደግሞ አማቿን ልትወስድባት ነው? እሷ በራሷ ካዘነች ይሻላታል። አንተን ከጠላች ማን ይጠይቀኛል?»

አልደወልኩም። እሷ ስላለች ነው።

ግንቦት 11

አቶ ገብረሃና ዛሬ መኪናውን ለሌላ ሹፌር ሰጡት። ለጊዜው ነው አሉ። ሁለቴ አንቀላፍቼባቸዋለሁ። ይገርማል፤ ቤት ውስጥ አሁን ማንም አይቀሰቅሰኝም፤ እኔ ግን አልተኛም። እሷ ትተንፍስ አትተንፍስ አላውቅም፤ ዝም ትላለች። ደህና ተኝታ ይሁን ዐይኗን ገልጣ ይሁን ለማወቅ መብራት ማብራት እፈራለሁ።

ትናንት መቀነቱን ከሚስማሩ አወረድኩት። አንዱን ጫፍ እጄ ላይ አሰርኩ፤ ሌላውን እሷ እጅ ላይ ሳስር አልከለከለችኝም።

«ለምኑ ነው?» አለችኝ።

«ከፈለግሽኝ።»

«እሺ» አለች።

ሙዚቃው ቆመ፣ ውሾቹ ጮኹ፣ የመጀመሪያው ታክሲ አለፈ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ቢሳብ በአንዴ ብድግ እል ነበር፤ ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ በአንዴ። አልተሳበም።

ሲነጋ ዐይኗ ክፍት ነበር። መቼ እንደተገለጠ አላውቅም።

«እንዴት አደርክ?» አለችኝ።

«ደህና» አልኳት። «አንቺስ?»

«ደህና» አለች። እጇን አቀረበችልኝ፤ ፈታሁላት።